የአንባቢያን ጥያቄ፦ ስንዴ ደምን ያካክሳል ወይ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ስለ አሜሪካና ስለ ጦሯ ናቸው። እኔ የጦር ሰው አይደለሁም፤ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስለዚህ የተዋጊ ጄት ዓይነት እንድዘረዝርላችሁ የጠየቃችሁኝ ልጆች፣ እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«መምህር፣ እኔና አጎቴ ስለ አሜሪካ ካነሳን በሰላም አንለያይም። እሱ ሂትለርን የጣለች፣ አውሮፓን መልሳ ያቆመች፣ የተራበ የምታበላ አገር ናት ይላል። እኔ በየአገሩ ቦምብ ስትጥል የኖረች ናት እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?»
ከአጎቱ ጋር የተኳረፈ

ሁለታችሁም እውነት ይዛችኋል። ያጣላችሁ ሒሳቡ ነው።

አጎትህን አትናቀው። የማርሻል ዕቅድ ተረት አይደለም። ከ1948 እስከ 1952 ድረስ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለ16 የአውሮፓ አገሮች ተሰጥቷል። ስታሊን ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስደውን መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ደግሞ የአሜሪካና የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከአንድ ዓመት በላይ ዱቄትና ከሰል አመላልሰዋል። ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ! ከጥቂት ዓመታት በፊት ያችኑ ከተማ በቦምብ ያረሷት እነሱው ነበሩ። ለጽድቅ ብቻ ብለው እንዳላደረጉት ይገባኛል፤ ኮሚኒስት አውሮፓን እንዳይወርስ ፈርተው ነው። ቢሆንም የበላ ሰው ጠግቧል።

አንተም አልተሳሳትክም። ላኦስን ውሰድ። ከ1964 እስከ 1973 ድረስ ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ወርዶባታል። ጦርነት እንኳ አልታወጀባትም። ብዙው ቦምብ አየር ላይ ተከፍቶ ትንንሽ ኳሶችን የሚበትን ዓይነት ነበር። ከኳሶቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩት ሳይፈነዱ አፈር ውስጥ ቀሩ። የቴኒስ ኳስ ያክላሉ። ሕፃናት መጫወቻ እየመሰላቸው ያነሷቸዋል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የተወለዱ ልጆች እጅና እግራቸውን አጥተዋል።

እናንተ መልካሙን ከክፉው ቀንሳችሁ የተረፈውን ማየት ትፈልጋላችሁ። በርሊን ላይ የወረደ ዱቄት ላኦስ ውስጥ እጁን ላጣ ልጅ ምኑ ነው? ባለ ዕዳውም ባለ ገንዘቡም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እኔ ማቀናነሱን ትቼ ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። በደሉ ከተፈጸመ በኋላ ማን አወጣው? ማንስ ተቀጣ?

ማይ ላይን ላንሳልህ። ማርች 16 ቀን 1968 ጠዋት አንድ የአሜሪካ ሻምበል ጦር በደቡብ ቬትናም፣ ኳንግ ንጋይ በሚባል ግዛት ወደሚገኝ መንደር ገባ። ተዋጊ አለ ተብለው ነው የሄዱት። ያገኙት ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ነው። አንድም ጥይት አልተተኮሰባቸውም። እነሱ ግን ተኮሱ። ሰዉን ቦይ ውስጥ ሰብስበው ፈጁት። የአሜሪካ ጦር በኋላ የቆጠረው 347 ነው፤ ቬትናሞች 504 ይላሉ።

አሁን ሪፖርቱን ተመልከት። «128 ጠላት ገደልን» አሉ። የማረኩት መሣሪያ ግን ሦስት ብቻ! 128 ተዋጊ ሞቶ ሦስት ጠመንጃ? ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ቁጥሩ እንደማይገጥም መጀመሪያ የሚያየው ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጦ የሚረብሸው ልጅ ነው። የጦር አዛዦቹ ግን አላዩም፤ ወይም ማየት አልፈለጉም። እንዲያውም የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ተላለፈላቸው።

ነገሩ እንዲህ ተዳፍኖ አንድ ዓመት ቆየ። ያወጣው ሮን ራይደናወር የሚባል ወታደር ነው። ቦታው ላይ አልነበረም። ከነበሩት ጓደኞቹ ሰምቶ ማመን አቃተው፤ እየዞረ ጠየቃቸው፤ ከዚያ በ1969 ለኮንግረስ አባላትና ለመከላከያ ሹማምንት ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሲሞር ኸርሽ የሚባል ጋዜጠኛ ለሕዝብ አወጣው። አሜሪካኖች ናቸው አሜሪካን ያጋለጡት። ይህን መካድ አይቻልም።

ቅጣቱስ? ከሃያ በላይ ሰዎች ተከሰሱ። ጥፋተኛ የተባለው አንድ ብቻ ነው፤ መቶ አለቃ ዊሊያም ካሊ። በ1971 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሕዝቡ ምን አለ መሰለህ? ለኋይት ሀውስ የቴሌግራም ናዳ ወረደ፤ አብዛኛው «ልጁን ፍቱት» የሚል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በማግስቱ ከእስር ቤት ወጥቶ በወታደራዊ ሰፈሩ ውስጥ ቤቱ እንዲቆይ አዘዙ። በ1974 ነፃ ወጣ። የካሊ አለቃ የነበረው ሻምበል በነፃ ተሰናበተ። ከዚያ በላይ ያሉት የማዕረግ ቅነሳና ተግሣጽ ቀመሱ፤ እሱም ጥቂቶቹ።

ኢራቅ ውስጥ የነበረውን እስር ቤት፣ አቡ ግሬብንም ብታይ ያው ነው። በ2004 የኢራቅ እስረኞችን ራቁታቸውን ሲያሰቃዩ የተነሱትን ፎቶ ለመርማሪ የሰጠው ጆ ዳርቢ የሚባል እዚያው የሚሠራ ወታደር ነው። 11 ወታደሮች ተፈረደባቸው። ሁሉም ከታች ያሉ ናቸው። ከእነሱ በላይ፣ ዋሽንግተን ቁጭ ብለው «ይህ ይህ አያያዝ ማሰቃየት አይባልም» የሚል ማስታወሻ የጻፉ የሕግ ሰዎች ነበሩ። ማስታወሻው ለሲአይኤ የተጻፈ ነው፤ የጻፉትን ግን የከሰሰ የለም። የፈረመበት ሰው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ።

ስለዚህ ለአጎትህ እንዲህ በለው። ገበናቸውን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ቅጣቱ ግን ደረጃ መውጣት አይችልም፤ ሁልጊዜ ምድር ቤት ይቀራል። በዚህ ከተስማማችሁ ታረቁ።

«ታዲያ ለምን ሄግ አይቀርቡም? ፍርድ ቤቱ ለአፍሪካ መሪዎች ብቻ ነው እንዴ?»
የሕግ ተማሪ

ክሊንተን ሄግ ያለውን የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ስምምነት የፈረሙት የ2000 ዓመት የመጨረሻ ቀን ላይ ነው። ቡሽ በ2002 ፊርማው እንደማይጸና አሳወቁ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ሌላ ሕግ አወጣ። አንድ የአሜሪካ ወታደር በዚያ ፍርድ ቤት ቢያዝ፣ ፕሬዚዳንቱ ለማስፈታት አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ተቺዎች «የሄግ ወረራ ሕግ» ብለው ሰይመውታል። በ2020 ደግሞ ዐቃቤ ሕጓ አፍጋኒስታን ላይ የተፈጸመውን ልመርምር ስላሉ ማዕቀብ ተጣለባቸው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባል የለ?

አገሮች የሚካሰሱበት ሌላው የሄግ ፍርድ ቤትም አለ። ኒካራጓ በ1986 አሜሪካን ረታለች። ወደቦቿ ላይ ፈንጂ አጥምደውባታል፤ አማፂዎቿን አስታጥቀውባታል። አሜሪካ ፍርዱን አልቀበልም አለች። ጉዳዩ ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ሲሄድ በድምፅ መሻር መብቷ ጣለችው። አለቀ።

አንድ ጉዳይ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጁላይ 3 ቀን 1988 ቪንሰንስ የምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ባሕረ ሰላጤው ላይ የኢራን የመንገደኞች አውሮፕላን በሚሳይል መታች። ከባንዳር አባስ ወደ ዱባይ የሚሄድ መደበኛ በረራ ነበር። 290 ሰዎች ሞቱ፤ 66ቱ ሕፃናት። «ተዋጊ ጄት መስሎን ነው፤ ወደ እኛ እያሽቆለቆለ ነበር» አሉ። አውሮፕላኑ ግን ሽቅብ እየወጣ እንደነበር የመርከቧ የራሷ መሣሪያ መዝግቦታል። በ1996 ለቤተሰቦቹ 61.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ተስማሙ፤ በሕግ ተጠያቂ ነን ሳይሉ። የመርከቧ አዛዥስ? በአዛዥነት ላበረከቱት አገልግሎት በ1990 ሜዳሊያ ተሸለሙ። ስህተት መሆኑን ልቀበል እችላለሁ። ሜዳሊያው ግን ስህተት አይደለም። አስበው፣ ፈርመው፣ ደረት ላይ የሰኩት ነው።

«ሰው ደግሞ ያበዛዋል። አሜሪካ ከገባች ወራሪ፣ ካልገባች ጨካኝ። ምን ታድርግ?»
የአሜሪካ ጠበቃ

ይህ ጥያቄ ፈገግ አሰኝቶኛል፤ ግን ቁም ነገር አለው።

በታኅሣሥ 1992 የአሜሪካ ጦር ሶማሊያ የገባው የተራበ ሰው ጋ እህል እንዲደርስ ነው። ደርሷልም። ቀስ በቀስ ነገሩ የጦር አበጋዝ ወደ ማደን ተቀየረ። በጥቅምት 1993 ሞቃዲሾ ውስጥ በአንድ ቀንና ሌሊት ውጊያ 18 አሜሪካውያንና በመቶዎች የሚገመቱ ሶማሌዎች ሞቱ። የአንድ ወታደር ሬሳ መንገድ ላይ ሲጎተት በቴሌቪዥን ታየ። ዋሽንግተን ጠቅልላ ወጣች።

ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ሩዋንዳ ነደደች። ሚያዝያ 1994። እልቂቱ በጀመረ በሁለት ሳምንት የጸጥታው ምክር ቤት እዚያ የነበረውን ሰላም አስከባሪ ለማጠናከር ሳይሆን ወደ 270 ሰው ለመቀነስ ወሰነ። አሜሪካም ደግፋ እጇን አወጣች። የሞቃዲሾው ሬሳ ከዓይናቸው አልጠፋም። በመቶ ቀን ውስጥ 800,000 ያህል ሰው አለቀ። ክሊንተን በ1998 ኪጋሊ ድረስ ሄደው በቂ አላደረግንም ብለዋል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ግን አልወጡም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ አለመግባትም ያስወቅሳል። ዓለም ሁሉ ቆሞ ሲያይ አሜሪካ ብቻዋን ትወቀስ አልልም። ነገር ግን 2024 ላይ የዓለም የጦር ወጪ ከመቶው 37ቱ የእሷ ነበር፤ ወደ አንድ ትሪሊዮን ዶላር። ያን ያህል ጉልበት የያዘ «ምን ላድርግ?» ሲል ብዙም አንጀቴን አይበላኝም። ሲፈልጉ ያደርጉታልና። በ2004 መጨረሻ የኢንዶኔዥያዋን አቼን ማዕበል ሲበላት አብርሃም ሊንከን የምትባለው የጦር መርከብ ፊቷን አዙራ ሄደች፤ ሄሊኮፕተሮቿ ውኃና ምግብ ሲያመላልሱ ከረሙ። በ2014 ኢቦላ ላይቤሪያን ሲያስጨንቅ ወታደሮቿ የሕክምና ጣቢያ ሠርተዋል። ያኔ ወራሪ ብሎ የጮኸባት ሰው አልሰማሁም።

«አሜሪካ ይቅርታ ጠይቃ ታውቃለች?»
ስሜ ይቆይ

ለራሷ ሰዎች አዎ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 120,000 ያህል ጃፓናውያንና የጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ ታስረው ነበር። በ1988 ሬገን በፈረሙት ሕግ በሕይወት ላሉት ይቅርታና 20,000 ዶላር ተሰጣቸው። ለሂሮሺማ ግን ይቅርታ የለም። ኦባማ በ2016 ሄደው የአበባ ጉንጉን አኖሩ፤ ከቦምቡ የተረፉ አዛውንት አቀፉ፤ ይቅርታ የምትለዋን አላወጡም።

ለሌላው ሕዝብ እንዴት እንደሚያደርጉ የባላንጊጋ ደወሎች በደንብ ያሳያሉ። ፊሊፒንስ ውስጥ ሳማር የምትባል ደሴት አለች። በመስከረም 1901 የባላንጊጋ ሰዎች በመንደራቸው በሰፈረው የአሜሪካ ጦር ላይ ተነሱ። ማለዳ ነው፤ ወታደሮቹ ቁርስ ላይ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲመታ ገጀራ ይዘው ገቡባቸው። 48 አሜሪካውያን ሞቱ። ከዚያ ጄኔራል ጄኮብ ስሚዝ የሚባለው ሰው በቀሉን አዘዘ። ደሴቷን ምድረ በዳ አድርጓት፤ መሣሪያ መያዝ የሚችል ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን ግደሉ አለ። መንደሩ ተቃጠለ፤ ሦስቱ ደወሎች ተወሰዱ። ጄኔራሉ በ1902 ፍርድ ቤት ቀረበ። ቅጣቱ ተግሣጽና ጡረታ ነው። (አየህ ከአጎትህ ጋር የተኳረፍከው፣ ክርክራችሁ ላይ ይህንን ጨምርበት። ልማዱ ከማይ ላይ ይቀድማል።)

ሁለቱ ደወሎች ዋዮሚንግ በሚባለው ግዛት አንድ የጦር ሰፈር ውስጥ ቆሙ። ሦስተኛው ከአንድ የጦር ክፍል ጋር እየዞረ ደቡብ ኮሪያ ደረሰ። ፊሊፒኖች ለአሥርተ ዓመታት ለመኑ። የዋዮሚንግ የቀድሞ ወታደሮች «የሞቱብን ወንድሞቻችን መታሰቢያ ነው» ብለው እንቢ አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን ሁለቱም ወገን ወግቷል፣ ሁለቱም ተወግቷል። ልዩነቱ፣ አንዱ በሌላው ቤት ሄዶ ነው የተወጋው። በታኅሣሥ 2018 ደወሎቹ በወታደራዊ አውሮፕላን ማኒላ ገቡ፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው። ከ117 ዓመት በኋላ።

አንዳንዴ ይቅርታው ቶሎ ይመጣል፤ ተጠያቂው ነው የሚጠፋው። በነሐሴ 2021 ከአፍጋኒስታን ሲወጡ ካቡል ውስጥ አንድ መኪና በድሮን መቱ። አሸባሪ ገደልን አሉ። ጋዜጠኞች ሲያጣሩ ሟቹ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። አብረውት ዘጠኝ የቤተሰቡ አባላት አልቀዋል፤ ከሟቾቹ ሰባቱ ልጆች ናቸው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ የአሜሪካ ጄኔራል በቴሌቪዥን ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ማንም አይቀጣም ተባለ።

«ሩሲያ አትብስም?»
አጭር ጠያቂ

በብዙ ነገር ትብሳለች። ሶቪየቶች በ1940 ካቲን ጫካና ሌሎች ቦታዎች 22,000 ያህል ፖላንዳውያንን ረሽነው ጀርመኖች ናቸው ብለው ሲምሉ ኖሩ። ያመኑት በ1990 ነው። ማይ ላይ በ20 ወር ወጣ፤ ካቲን 50 ዓመት ፈጀ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ እኔም ምርጫ ቢሰጠኝ የትኛው አገር ውስጥ ጋዜጠኛ መሆን እንደምፈልግ አውቃለሁ። ለሟች ዘመድ ግን የጎረቤት ሟች ቁጥር አይነገረውም።

«መምህር፣ አሜሪካ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ 18 ዓመት ሞላው፤ ወታደር ልሆን ነው ይለኛል። የኮሌጅ ይከፍሉልኛል ይላል። እኔ የሚያስፈራኝ መሞቱ ብቻ አይደለም። ሰው እንዲበድል ቢያዙትስ? ምን ልበለው?»
እንቅልፍ ያጣች እናት

እህቴ፣ 18 ከሞላው የእርስዎን ፊርማ አይጠይቁትም። ስለዚህ ክልከላው ብዙ አያዋጣም። ይልቅ አንድ ታሪክ ይንገሩት።

ላይ የነገርኳችሁ የማይ ላይ ዕለት፣ ከመንደሩ በላይ አንድ ትንሽ ሄሊኮፕተር እየበረረ ነበር። አብራሪው ሂው ቶምሰን 24 ዓመቱ ነው። ሁለት ወጣት ወታደሮች አብረውት አሉ፤ ግሌን አንድሪዮታና ላሪ ኮልበርን። ኮልበርን መትረየስ ላይ የተቀመጠው ነው። ዕድሜው 18። እንደ ልጅዎ።

ቶምሰን መሬት ላይ የቆሰሉ ሰዎች ሲያይ ሐኪም እንዲያገኛቸው በአረንጓዴ ጭስ ምልክት አደረገላቸው። ዞሮ ሲመለስ ሞተው አገኛቸው። የገዛ ጓዶቹ እየጨረሷቸው እንደሆነ ገባው። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ምሽግ ውስጥ ተሸሽገው፣ ወታደሮች ወደ እነሱ ሲሄዱ አየ። ሄሊኮፕተሩን መሃላቸው አሳረፈ። ለሁለቱ ወታደሮች «እኔ ሰዎቹን ሳወጣ እነዚህ ከተኮሱ፣ ተኩሱባቸው» ብሎ ወረደ። በአሜሪካኖች ላይ ማለቱ ነው። ማንም አልተኮሰም። ሰዎቹን በእጁ እየጠራ አወጣቸው፤ የእሱ ሄሊኮፕተር ስለማይበቃ ሌሎች አብራሪዎችን ለምኖ አስጫናቸው። ሲመለሱ አንድሪዮታ ሬሳ የሞላበት ቦይ ውስጥ ገብቶ አንድ ሕፃን በሕይወት አወጣ። ቶምሰን ሰፈር ደርሶ እየጮኸ ለአለቆቹ ተናገረ፤ ግድያው እንዲቆም ትእዛዝ ተላለፈ።

አንድሪዮታ ከሦስት ሳምንት በኋላ በውጊያ ሞተ። ቶምሰን አገሩ ሲገባ ከሃዲ ተባለ። አንድ የኮንግረስ አባል ከዚህ ሁሉ ሰው መቀጣት ያለበት ቶምሰን ነው ብለዋል። ሜዳሊያ የሰጡት በ1998 ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቆይተው።

ይህን የምነግርዎ ልጅዎ ጀግና እንዲሆን አይደለም። ሕጉን እንዲያውቅ ነው። የአሜሪካ የጦር ሕግ ወታደር ሕጋዊ ትእዛዝ እንዲፈጽም ነው የሚያስገድደው። ሰላማዊ ሰው ግደል ማለት ሕጋዊ አይደለም። ካሊ «ታዝዤ ነው» ሲል ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ይህን ከሥልጠናው በፊት ቤቱ ውስጥ ከእርስዎ ይስማው። ቶምሰን የከፈለውንም አይደብቁት።

የኮሌጁን ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ፣ መልማዩ በአፉ የሚነግረውን አይመን። እዚያ አገር የምልመላ ውሉ ላይ ያልተጻፈ ቃል እንደማይከበር ውሉ ራሱ ይናገራል። የሥራው ዓይነት፣ የውሉ ዘመን፣ ጉርሻው ሁሉ ተጽፎ ይየው። ተጠባባቂ ሆኖ የሚያገለግልባቸው ዓመታትም ውሉ ውስጥ አሉ፤ ወጣቶቹ እሱን ገጽ ዘለው ነው የሚፈርሙት። ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ቤት ይዞት ይምጣ፤ አብራችሁ አንብቡት። አይቻልም ካሉት አይፈርም።